የሙክቱ ሣር

ጋሽ ሀቢቡ ያን ቀን ወደ ቡታጅራ ገበያ ሲወርዱ ከማንም ጋር ወግ የመጀመር ሐሳብ አልነበራቸውም። ሦስት እርጉዝ በጎች በገመድ አያይዘው፣ ቶሎ ሸጠው ቶሎ ሊመለሱ ነበር የወጡት። መንገድ ላይ የሚያገኟቸውን ሁሉ «ወአለይኩም ሰላም» እያሉ ያልፋሉ። ሌላ ቀን ቢሆን የአንድ ሰው ሰላምታ ለመመለስ ቆመው፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ የእንሰቱን ጓሮ አንድ በአንድ ሳይጠይቁ የማይለቁ ሰው ናቸው። ታዲያ ዝናብ የሰው ሐሳብ አይጠይቅምና፣ ከከተማው መግቢያ ሳይደርሱ የበልጉ ዝናብ እንደ ጉድ ወረደ። እሳቸውም በጎቻቸውን እየጎተቱ ከአንድ የተዘጋ ወፍጮ ቤት ጥግ ገቡ።

ጥጉ ሥር አንድ ወጣት ቀድሟቸው ቆሞ ነበር። ሱራፌል ይባላል፤ የወልቂጤ ልጅ ነው። ስለ እንስሳት እርባታ ተምሮ ከተመረቀ ወዲህ በቡታጅራ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች እየዞረ ገበሬ ያማክራል። የተሳፈረባት ባጃጅ ሞተሯ ውሃ ገብቶባት መንገድ ዳር ቆማለች፤ ሹፌሩም ውስጧ ተጋድሞ ይጠብቃል። የተማረ ወጣት ከገበሬ ጋር ሲገናኝ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ሳይጠየቅ ያስተምራል፣ ወይ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። ይኼኛው ግን «ጤና ይስጥልኝ አባቴ» ብሎ እጅ ነሥቶ ቦታ ለቀቀላቸውና፣ በጎቹ እንዳይረጥቡ ገመዱን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ሳባቸው። ጋሽ ሀቢቡን ደስ አላቸው።

ሰላምታው ካለቀ በኋላ ወጣቱ በጎቹን ዞር ዞር ብሎ አያቸውና፣ ሦስቱም መውለጃቸው የተቃረበ እንደሚመስለው ተናግሮ፣ በዚህ ሁኔታቸው ወዴት እንደሚወስዷቸው ጠየቀ።

«ወደ ገበያ ነዋ። ልሸጣቸው ነው» አሉ ጋሽ ሀቢቡ።

«ግልገሎቻቸውን ሳያዩ?»

«ግልገሎቻቸውን ማየት ስለሰለቸኝ ነው፣ ልጄ።»

እውነታቸውን ነበር። አምናም ካቻምናም እነዚህ በጎች የወለዱት ሁሉ አልቋል። ግልገሎቹ ሲወለዱ እፍኝ አይሞሉም፤ ቆመው የሚጠቡበት ጉልበት አያገኙም። ቆሞ ጡት የደረሰ ቢኖር እንኳ የእናቱ ጡት ደርቆ ይጠብቀዋል። በጎቹ ደግሞ የጋሽ ሀቢቡ አይደሉም፤ የባለቤታቸው የእትዬ ሳሌሃ ናቸው። በእትዬ ሳሌሃ ወገን ሴት ልጅ ስትዳር ግልገል ያስከተለች በግ ከኋላዋ ትሄዳለች። እሳቸውም ከእናታቸው ቤት ሲወጡ እንዲህ ያለች በግ ተከትላቸው ነበር፤ እነዚህ ሦስቱ የእሷ ዘር ናቸው። አሁን ደግሞ ልጃቸው ፈትሂያ ከአረፋ በኋላ እንድትዳር ቀን ተቆርጧል። ግልገል የሌላት በግ ለሙሽራ አትሰጥም፤ ገዱ መጥፎ ነው ይባላል።

ጋሽ ሀቢቡ አወጡ አወረዱና፣ ዘንድሮም ግልገሎቹ መሞታቸው ካልቀረ በጎቹን ሸጦ ለልጅቷ ቁም ሣጥን መግዛት ይሻላል ብለው ቆረጡ። ይህን ሲነግሯቸው እትዬ ሳሌሃ አልተከራከሩም። ጠዋት በጎቹ ሲወጡ ግን ከቤት ብቅ አላሉም። ጋሽ ሀቢቡን መንገዱን ሙሉ ሲያንገበግባቸው የመጣው ይኸው ዝምታ ነበር።

ለማያውቁት ወጣት ይህን ሁሉ መዘርገፋቸው ራሳቸውንም ገረማቸው። ዝናብ ያስጠለለው ሰው ምላሱ ይፈታል መሰለኝ። ሱራፌል ሳያቋርጥ ሰማቸው። በሽታ ነው ብሎ የመርፌ ነገር ያነሣል ብለው ሲጠብቁ፣ በጎቹ የት እንደሚሰማሩ፣ ምን እንደሚበሉ ጠየቃቸው።

ጋሽ ሀቢቡ ኮራ ብለው አስረዱት። ከቤታቸው ጓሮ፣ ከእንሰቱ ወዲያ፣ ዙሪያው የታጠረ ሣር አላቸው። በልግ ጣል ሲያደርግ ያ ሣር ለዓይን ያስጎመጃል። እዚያ የሚገባው ለአረፋ የሚቀለበው ሙክት ነው። እናት በጎቹ በሌላው ጊዜ ጠርዝ ጠርዙን ይቀማምሳሉ፤ ሆዳቸው መግፋት ሲጀምር ግን ከዚያም ተባረው ወደ ጀፎረው ይወጣሉ። ጀፎረ በመንደሩ ቤቶች ፊት ለፊት የተዘረጋው ሰፊ የጋራ መስክ ነው፤ የአገሩ ከብት ሁሉ ሲግጠው ስለሚውል ሣሩ ከመሬት ቀና የሚልበት ጊዜ የለውም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልክ ሆዳቸው ሲገፋ የሚያስወጧቸው ለምንድን ነው?» አለ ሱራፌል።

«ሥርዓቱ ነዋ። እርጉዝ በግ ከጠገበች ግልገሉ ሆዷ ውስጥ ይገዝፋል። ከገዘፈ መውጫ ያጣል፤ እናቱንም ይዟት ይሞታል። አባቴ ያስተማሩኝ ይህን ነው። ደግሞ ወሬ እንዳይመስልህ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅ ሆኜ አንዲት በጋችን ከጓሮ ሳትወጣ ከርማ፣ ወፍራ ወፍራ መራመድ አቅቷት፣ ስታምጥ አድራ ሞተች። አንተ በመጽሐፍ ያየኸውን እኔ በደጄ ቀብሬዋለሁ።»

እዚህ ላይ ብዙ የተማረ ሰው ይሳሳታል። ሽማግሌው ያየውን አላየህም ይለዋል፤ ሽማግሌውም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጆሮውን ይደፍናል። ሱራፌል ግን ትንሽ አሰበና አባታቸው ያሉት ከፊሉ ልክ መሆኑን ተቀበለ።

«በግ ካረገዘች ጀምሮ ሳትንቀሳቀስ ስትቀለብ ከከረመች በእርግጥ ምጧ ይከብዳል» አለ። «በእርግዝናዋ መጀመሪያና መካከል ጀፎረው ይበቃታል፤ እየተዘዋወረች ያገኘችውን ትጋጥ። ጥፋቱ ጊዜው ላይ ነው፣ አባቴ። ግልገል ሆድ ውስጥ አብዛኛውን የሚያድገው በመጨረሻው ወር ተኩል ነው። እርስዎ ደግሞ ከሣሩ የሚያስወጧት እሱ ማደግ በሚጀምርበት ሰሞን ነው። ለመብላት ሲቀመጥ ገበታውን ያነሡበታል ማለት ነው።»

ጋሽ ሀቢቡ ፈገግ አሉ። ልጁ አነጋገሩ ያምራል፤ ነገር ግን ዓይን አለኝ ብለው አሰቡ። አንደኛዋን በግ ወደሱ መለስ አድርገው፣ በሁለቱም ጎን የተነፋ ሆዷን አሳዩት።

«እስቲ ይቺን እያት። ይህን የመሰለ ሆድ ይዛ ነው ተርባለች የምትለኝ?»

«ሆዷን የሞላው ሣር አይደለም፤ ግልገል ነው። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ እንግዳ አልጋውን ይዞ ቢገባ ለእህሉ ማስቀመጫ ምን ይተርፋል? የእሷም ሆድ እንደዚያው ነው፤ ግልገሉ ቦታውን ሲይዝ ብዙ ሣር የምታስገባበት የላትም። ስለዚህ ጥቂት በልታ ብዙ የሚጠቅማት ለጋ ሣር ትፈልጋለች። ጀፎረው ላይ ቀኑን ሙሉ ዞራ የምታገኘው አይበቃትም፤ የጎደለውን ከራሷ ሥጋ እየቀነሰች ለግልገሉ ትሰጠዋለች። የራሷ ሲያልቅ ግልገሉም ይጎዳል፤ ጡቷም እንገር ሳይይዝ ይቀራል።»

ጋሽ ሀቢቡ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ አልተዋጠላቸውም። ሆድ እያዩ ረሀብ ማለት ቀን እያዩ ጨለማ እንደማለት ነው የሆነባቸው። ክርክሩ እዚያው ላይ ሊቆም ምንም አልቀረውም ነበር። ያተረፈው የስም ነገር ነው፤ እስከዚያች ሰዓት ስም ለስም አልተነጋገሩም ነበርና ሱራፌል ስማቸውን ጠየቀ። ሲነግሩት ዓይኑን አፍጥጦ፣ «ሚዛኑ ሀቢቡ የሚባሉት እርስዎ ነዎት እንዴ?» አላቸው።

እሳቸው ነበሩ። በቡታጅራ የበግ ተራ ጋሽ ሀቢቡን የማያውቅ የለም። አረፋ ሲቃረብ ሙክት የሚገዛ ሁሉ እሳቸውን ፈልጎ «እስቲ ዳሰስ ያድርጉልኝ» ይላል። እጃቸውን ከሙክቱ ወገብ ላይ ያሳርፋሉ፣ ጀርባውን በጣቶቻቸው ይከተላሉ፣ ላቱን ከሥሩ ጨበጥ ያደርጋሉ፤ ከዚያ የሚሉት ቃል ስቶ አያውቅም። ጠጉር አብዝቶ የወፈረ የሚመስለውን፣ ጠዋት ጨው ልሶ ውሃ ሲጋት ሆዱ የተነፋውን፣ ሁሉንም እጃቸው ይለየዋል። ስሙም የወጣላቸው ለዚህ ነው።

«እነዚህን ዳስሰዋቸው ያውቃሉ?» አለ ሱራፌል።

«እርጉዝ በግ አትነካማ። እጅ ከበዛባት ትጨነግፋለች። ደግሞስ እናት በግ በጀርባዋ ማን ይገዛታል? ገዢው ጥርሷንና ሆዷን ያያል፣ አለቀ።»

«ሆዷን አይንኩት። ጀርባዋ ላይ ብቻ እጅዎን ያሳርፉልኝ። ዓይንዎን ይጨፍኑና ሙክት ነው ብለው ያስቡ።»

ጋሽ ሀቢቡ ልጁን ላለማሳፈር ያህል እሺ አሉት። ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን ከበጊቱ ወገብ ላይ አኖሩ። ጣቶቻቸው እንደ ልማዳቸው መንገዳቸውን ያዙ። አከርካሪው አንድ በአንድ ይቆጠራል። በግራና በቀኙ ሥጋ መኖር የነበረበት ቦታ ጎድጉዷል፤ የጎን አጥንቱ ጫፍ ጣት ይወጋል። ስንት ዘመን የበግ ተራ ያስለመደው አፋቸው ባለቤቱን ሳይጠብቅ ተናገረ።

«ይኼ የተራበ ነው። የማን በግ ነው?»

ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ። ሱራፌል ወደ ዝናቡ ዞሮ መንገዱን የሚያይ መሰለ፤ ይህም የጨዋ ልጅ ሥራ ነው። ጋሽ ሀቢቡ ወደ ሁለተኛዋ ዞሩና ዳሰሷት፤ እሷም ያው ናት። ሦስተኛዋ፣ አሮጊቷ፣ ከሁለቱም የባሰች ሆና አገኟት። አፈሩ። ለአገሩ ሰው ሙክት እጃቸውን ሲያውሱ የኖሩ ሰውዬ የሚስታቸውን በጎች አንድ ቀን እንኳ ዳስሰው አያውቁም። ሆዳቸውን እያዩ ጠግበዋል ሲሉ ኖረዋል።

ሰው ሲሸነፍ ግን በአንድ ጊዜ እጅ አይሰጥም፤ የመጨረሻ ክርክሩን ያወጣል። የጋሽ ሀቢቡ የመጨረሻ ክርክር ደግሞ ከሁሉም የከበደው ነበር።

«እሺ፣ ተርባለች እንበል» አሉ። «ሣሩ ግን ያው አንድ ነው። ለሷ ብሰጥ ሙክቴ ምን ሊበላ ነው? አረፋ ደረሰ እኮ።»

«ሙክት የሚሸከመው የራሱን ሆድ ብቻ ነው፣ ጋሼ» አለ ሱራፌል። «የእንሰት ቅጠል፣ የባቄላ ገለባ፣ ትንሽ ፍሩሽካ ቢሰጡት ይወፍራል፤ ዝግ ይል ይሆናል እንጂ አይጎዳም። እሷ ግን የምትጠብቅበት ጊዜ የላትም። ደግሞ ለዘለዓለም ይስጧት አላልኩም። ከመውለዷ በፊት ወር ተኩል፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ ሁለት ወር ያህል። ግልገሉ ሣር መልመድ ሲጀምርና ጡት ሲጥል ያን ጊዜ ወደ ጀፎረው ትመለስ፤ ባዶ በግ በጀፎረው ሣር ትኖራለች። ሣሩ አንድ ነው ብለዋል፤ እውነት ነው። ተራው ግን ይቀየር።»

ሣሩንም በአንድ ጊዜ እንዳይለቁባቸው መከራቸው። በገመድ ወይም በአጥር ከፍሎ አንዱን ቁራጭ ሲግጡ ሌላው እንዲያንሠራራ፣ ጤዛው ሳይረግፍ እንዳያስገቧቸው፣ ደግሞ ከጀፎረው ወደ ለምለሙ ሣር በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ እንዲያለማምዷቸው ነገራቸው። አሮጊቷን በተመለከተ ሳይደብቅ፣ ምናልባት ዘግይተውባት ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቃቸው። ጋሽ ሀቢቡ ይህን ሲሰሙ ይበልጥ አመኑት፤ ሁሉም ይድናል የሚል ሰው ነጋዴ ነው ብለው ያስባሉና።

ዝናቡ አባራ። ባጃጇም ተንኳኩታ ተነሣች። ሱራፌል መንደራቸውን ጠይቆ፣ ሲያልፍ ሊጎበኛቸው ቃል ገብቶ ተሳፈረ። ጋሽ ሀቢቡ ገመዱን ይዘው መንገዱ መሃል ጥቂት ቆሙ። ገበያው ከፊታቸው ነው፣ ቤታቸው ከኋላቸው። ከዚያ በጎቹን ወደ ኋላ መለሷቸው። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች «ምነው ጋሽ ሀቢቡ፣ ገበያው ተበተነ እንዴ?» ሲሏቸው፣ «በጎቹ ሐሳባቸውን ቀየሩ» እያሉ አለፉ።

ቤት ሲደርሱ ለማንም ምንም አልተናገሩም። ሙክቱን ከታጠረው ሣር አውጥተው ደጅ አሰሩት፤ እናት በጎቹን ጠርዙ ላይ ለቀቋቸው። ሙክቱ በዕድሜው እንዲህ ተደፍሮ አያውቅምና መንደሩን በጩኸት አናጋው። እትዬ ሳሌሃ በጩኸቱ ወጥተው ሲያዩ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው።

«ሙክትህስ?» አሉ።

«ይጠብቅ።»

«ደህና አይደለህም እንዴ፣ የፈትሂያ አባት? ዝናቡ መታህ?»

ጋሽ ሀቢቡ መልስ ሳይሰጡ እጃቸውን ይዘው ወደ በጎቹ ወሰዷቸውና መዳፋቸውን ከአሮጊቷ ጀርባ ላይ አሳረፉት። ይደነግጣሉ ብለው ነበር የጠበቁት። እትዬ ሳሌሃ ግን እጃቸውን እንኳ አላንቀሳቀሱም።

«አውቀዋለሁ» አሉ። «ጠዋት ጠዋት ገመድ ስፈታላቸው እጄ ያገኘዋል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠይቀኸኝ?»

 ሚዛኑ እየተባሉ በገበያ የሚፈለጉ ሰው፣ ቤታቸው ውስጥ ሌላ እጅ እንደነበረ ያወቁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ባልና ሚስት ማታ ማታ አጥሩ ሥር ተቀምጠው በጎቹ ሲግጡ ማየት ለመዱ። መጀመሪያ ላይ ጋሽ ሀቢቡን ጸጸት ቢጤ አልተዋቸውም ነበር፤ ሙክቱ ደጅ ታስሮ የእንሰት ቅጠል ሲያላምጥ ሲያዩ ቅር ይላቸዋል። ከአዲስ አበባ እየመጣ በየዓመቱ ሙክት የሚወስደው ደንበኛቸው አብዱልሃፊዝም ደርሶ አይቶት፣ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ሙክቱን ጾም አስይዘውታል?» ብሎ አሾፈባቸው። እሳቸውም ሣሩን ለማን እንደሰጡት ሲነግሩት ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ። አንድ ሁለት ቀን ሙክቱን ወደ ሣሩ ሊመልሱት አስበው ነበር። በየማለዳው ግን የእናት በጎቹን ጀርባ ይዳስሳሉ፤ የጣታቸው መረጃም እየተለወጠ ሄደ፤ ይወጋ የነበረው አጥንት ክብ ማለት ጀመረ፣ ጎድጓዳው ሞላ ሞላ አለ።

ከነዚያ ምሽቶች በአንዱ ነበር እትዬ ሳሌሃ፣ ዓይናቸውን ከበጎቹ ሳያነሡ፣ ጋሽ ሀቢቡ ያልጠበቁትን ነገር የተናገሩት።

«ፈትሂያን ያረገዝኩ ጊዜ» አሉ፣ «እናትህ፣ አላህ ይማራቸውና፣ ‹ብዙ አትብዪ፣ ልጁ ይገዝፍብሻል› ይሉኝ ነበር። ቆጮው ሲቆረስ የኔ ድርሻ የመጨረሻው ነበር። እርቦኝ ሌሊት እነቃ ነበር።»

ጋሽ ሀቢቡ «ለኔ አልነገርሽኝም» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። መልሱን ያውቁታል። ያን ጊዜ እሳቸው ከወንዶቹ ጋር ቀድመው እየበሉ ይነሡ ነበር፤ ገበታው ወደ ጓዳ ሲገባ ምን ተርፎበት እንደሚገባ አንድ ቀን አላዩም። በበጎቹ ላይ ካፈሩት የበለጠ አፈሩ። ፈትሂያ ስትወለድ ትንሽ ስለነበረች ትተርፋለች ያለ ሰው እንዳልነበረ፣ የእትዬ ሳሌሃም ጡት ደርቆ በጎረቤት ወተት እንዳደገች አስታወሱ። ያን ጊዜ የተባለው «የአላህ ሥራ ነው» ነበር። አላህ ግን ሣሩንም ቆጮውንም ሰጥቶ ነበር።

የመውለጃው ቀን ደረሰ። አሮጊቷ ቀድማ ወለደች፤ ሱራፌል እንደፈራው ግልገሏ ደካማ ሆኖ ቀኑን ሳይጨርስ ሞተ። ጋሽ ሀቢቡ ተስፋቸው ተሟጠጠ፤ ሙክቱን ለመመለስም አጥሩን አንድ ጊዜ ነቅነቅ አደረጉት። እትዬ ሳሌሃ ግን «ሁለቱ ሳይወልዱ አይሆንም» ብለው መግቢያው ላይ ቆሙ። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛዋ አንድ ደልዳላ ወንድ ወለደች። ያ የተፈራው የግልገል መግዘፍ ምንም አላስቸገራትም፤ ወልዳ ስታበቃ ቆማ ግልገሏን ትልስ ነበር። የቀረችው ደግሞ መንታ፣ ሁለቱንም ሴት ወለደች። ግልገሎቹ እየተንገዳገዱ ተነሥተው ጡት ፈለጉ፤ ጡቱም እንገሩን ይዞ ጠበቃቸው። እትዬ ሳሌሃ ተንበርክከው አለቀሱ።

ሱራፌል በቃሉ መሠረት ሊጎበኛቸው የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሲደርስ ጋሽ ሀቢቡ ሙክቱን ወደ ሣሩ ሲመልሱት አገኛቸው። ያረገዘችው ወልዳለች፣ ሸክሟን አራግፋለች፣ እንግዲህ ተራው የሙክቱ ነው ብለው ነበር። ዝናቡ ሥር የተባለው ሁለት ወር ከራሳቸው ወጥቷል፤ ደስታ ያስረሳል።

«ሸክሙ አልወረደም፣ ጋሼ» አላቸው ሱራፌል። «ከሆድ ወደ ጡት ነው የተዛወረው። እንደውም አሁን ነው የሚከብዳት። ስታጠባ ከእርግዝናዋም ይበልጥ ትበላለች፤ መንታ የምታጠባዋ ደግሞ ከሁሉም በላይ። አሁን ከሣሩ ቢያወጧት ወተቱ በሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ግልገሎቹ ባይሞቱ እንኳ ለሰርጉ አይደርሱም።»

ይህን ጊዜ ክርክር አልነበረም። ሙክቱ እንደገና ወጣ፤ እንደገናም ጮኸ። ሱራፌል እንዳለውም፣ መንታ የያዘችው ለጋው ቁራጭ ተሰጣት፣ አንድ የያዘችው ከሷ ቀጥሎ፣ ግልገሏ የሞተባት አሮጊት ደግሞ ወደ ጀፎረው ወጣች። በዚህ አከፋፈል ሣሩ ለሁሉም በቃ። ጋሽ ሀቢቡን ያስደነቃቸው ይኸው ነበር፤ መሬት አልጨመሩም፣ ዘር አልገዙም፣ የቀየሩት ማን መቼ እንደሚበላ ብቻ ነው። ሙክቱም ቢሆን ለአረፋ ደርሶ ተሸጠ። ከአምናው ትንሽ አነስ ያለ ቢሆንም ጀርባው የሞላ ነበር፤ አብዱልሃፊዝም ወሰደው።

ጋሽ ሀቢቡ አንድ ነገር ካመኑ አያርፉም። ከመስጊድ ሲወጡ፣ ለቅሶ ቤት ሲቀመጡ፣ በግ ተራ ሙክት ሲዳስሱ፣ ወሬያቸው ሁሉ የእርጉዝ በግ ጀርባ ሆነ። ጎረቤታቸው ዑመይር መጀመሪያ ሳቀባቸው፤ ጥቂት ቆይቶ በጎቹን ሊያስዳስስ መጣ፤ አሁን እሱም ጓሮውን ከፍሎ አጥሯል። እርጉዝ በግ አትነካም የሚለው ሥርዓት በመንደሩ እየቀለለ ሄደ። ባለቤቶቹም ግልገል ከመቅበር እየዳኑ ሲሄዱ ነገሩ ማንንም እንዳልጎዳ አዩ።

ሰርጉ ደረሰ። ከቡኢ ከተማ በኩል የመጡት ሙሽራውና ወገኖቹ በሁለት መኪና ሲደርሱ ደጁ ሞላ። ኒካሁ ታሰረ፣ ተበላ፣ ተመረቀ። ፈትሂያ ልትሄድ ስትነሣ፣ መንታ የወለደችው በግ ከነግልገሎቿ ተጎትታ መጣችና አይሱዙ ላይ ወጣች። እትዬ ሳሌሃ ገመዱን በገዛ እጃቸው ለልጃቸው ሰጧት። ጋሽ ሀቢቡ ደግሞ የሙሽራውን አባት ሙሀመድሰይድን ጎን ስበው ስለ በጓ አደራ ማለት ጀመሩ፤ ወልዳ ብዙ ስላልቆየች ለጋ ሣር እንዳይለያት፣ ደግሞ ካረገዘች ሆዷን አይተው እንዳይሸወዱ፣ በጀርባዋ እንዲያውቋት። ምክሩ ረዘመ፤ ሽማግሌዎቹም ዙሪያቸውን ከበው መሳቅ ጀመሩ።

«እኔ ልጅህን ነበር የወሰድኩ የመሰለኝ» አለ ሙሀመድሰይድ እየሳቀ። «ይህን ሁሉ አደራ ለበግ ካልክ፣ ለልጅህማ ምን ልትል ነው?»

ሁሉም ቀልድ ይመልሳሉ ብለው ጠበቁ። ጋሽ ሀቢቡ ግን ድምፃቸውን ከፍ አደረጉና ሴቶቹም እንዲሰሙ ተናገሩ።

«ልጄም ኢንሻአላህ ታረግዛለች» አሉ። «ያን ጊዜ ‹ብዙ አትብዪ፣ ልጁ ይገዝፍብሻል› የሚላት ሰው ከመካከላችሁ ቢነሣ፣ አባቷ አልፈቀደም በሉልኝ። ገበታ ሲቀርብ የመጀመሪያው ለሷ ይነሣላት። ስታጠባም እንደዚያው። እኔ በቤቴ ይህን አላደረግሁም። ልጄ ዛሬ በሕይወት ያለችው እናቷ ከራሷ ሥጋ ቀንሳ ስለሰጠቻት ነው።»

 ሙሀመድሰይድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «አደራህን ተቀብያለሁ» አለ። ከሴቶቹ መካከል አንዲት አሮጊት «አሚን» ስትል ተሰማች።

መኪኖቹ ከሄዱ በኋላ እትዬ ሳሌሃ ደጁ ላይ ከባላቸው ጎን ቆመው ነበር። አቧራው እስኪጠፋ ድረስ መኪኖቹን በዓይናቸው ሸኙ።

«ለኔ ዘግይቷል፣ የፈትሂያ አባት» አሉ በመጨረሻ። «ለሷ ግን ደርሷል።»

 ከዚያ የባላቸውን ክንድ ያዝ አድርገው ወደ ቤት አስገቧቸው። እንግዶቹን ሲያስተናግዱ ሁለቱም ምሳ አልበሉም ነበር። ጋሽ ሀቢቡ ገበታው ሲቀርብ እጃቸውን አልዘረጉም፤ ቆጮውን ቆርሰው አስቀድመው ለሚስታቸው ሰጡ፣ እትዬ ሳሌሃ በልተው እስኪጠግቡም ቁጭ ብለው ጠበቁ።